ዶኩ ተሰክቶ ኔትወርክ ሲጠፋ፦ ለጀማሪ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ሊኑክስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ነገር አንድ ቀን ይገጥማችኋል። ላፕቶፑን ዶክ (ስክሪን፣ ኪቦርድና ኔትወርክ በአንድ ኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ትሰኩታላችሁ። ስክሪኑ ይበራል፣ ባትሪውም ቻርጅ ያደርጋል። ኔትወርክ ግን የለም።

በዚህ ሰዓት ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የሚያደርጉትን ደጋግሜ አይቻለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ትዕዛዝ እየገለበጡ ይለጥፋሉ። አንዱ ትዕዛዝ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ያግዳል፣ ሌላው ሌላ ድራይቨር ይጭናል፣ ሌላው የኔትወርክ ቅንብሩን ይደመስሳል። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ችግር የቱ እንደነበር፣ የቱ ደግሞ በኋላ እንደመጣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መጠገን ከመጀመራችሁ በፊት ነገሩ የት ላይ እንደተቋረጠ እወቁ።

ዶክ ከውጭ ሲታይ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ የዩኤስቢ ሀብ አለ፣ ምስል የሚያሳልፍ ክፍል አለ፣ ራሱን የቻለ የኔትወርክ ካርድም አለ። በብዙዎቹ የዩኤስቢ ሲ ዶኮች ይህ ካርድ ዩኤስቢ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ቺፕ ነው። ሪልቴክ 8153 በጣም የተለመደ ነው። አንዳንድ የተንደርቦልት (ከዩኤስቢ የፈጠነ የግንኙነት ዘዴ) ዶኮች ግን በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የውስጥ ካርዶች በሚገናኙበት መስመር፣ የሚገናኝ የኢንቴል ካርድ አላቸው። ስክሪኑ ስለበራ ኔትወርኩም ደህና ነው ማለት አይቻልም። ዶኩ ላይ የታተመው የአምራች ስምም ብዙ አይነግራችሁም። የሚፈለገው የቺፑ ማንነት ነው።

እሱን የሚነግራችሁ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት ነው። ዶኩን ንቀሉ። ተርሚናል ከፍታችሁ ዲሜሴጅ (dmesg) የከርነሉን መልእክት በቀጥታ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ከዚያ መልሳችሁ ሰኩት። የሚወርዱትን መስመሮች ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ ሀቡ ይታያል፣ ቀጥሎ ቺፑ፣ ከዚያ ድራይቨሩ ይይዘዋል፣ በመጨረሻ ኢንተርፌሱ (ሲስተሙ የኔትወርክ ካርዱን የሚያውቅበት መገናኛ) ስም ይወጣለታል። ከእነዚህ የጎደለው የቱ እንደሆነ ካያችሁ ሥራው ተጋምሷል። ያያችሁትንም ፋይል ላይ አስቀምጡ። ላፕቶፑ ዳግም ሲነሳ የሚጠፋ መረጃ አለ።

ቺፑ ጭራሽ ካልታየ ድራይቨር ላይ ጊዜ አታጥፉ። የሌለን ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ድራይቨር የለም። ኬብሉን፣ ፖርቱን፣ የዶኩን ኃይል ተመልከቱ። ላፕቶፑን ማጥፋትና ማብራት ብቻ አይበቃም፤ ዶኩ የራሱ መብራት ስላለው እንደነበረ ይቆያል። ከሶኬቱ ነቅላችሁ ጥቂት ጠብቁ።

የተንደርቦልት 3 ዶክ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች የደኅንነት ቅንብሩ ተጠቃሚው ሳይፈቅድ የፒሲአይ ኤክስፕረሱን መንገድ አይከፍትም። የምስሉ መንገድ ግን ያለ ፈቃድ ይከፈታል። የዶኩ ዩኤስቢ መቆጣጠሪያም በዚያው በተዘጋው መንገድ ስለሚያልፍ ስክሪኑ በርቶ ኪቦርዱም ኔትወርኩም ዝም ይላሉ። ሰው ይህን ሲያይ ዶኩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። የተንደርቦልት ዕቃዎችን የሚያስተዳድረውን ቦልትሲቲኤል (boltctl) ብትጠይቁት ግን ዶኩ ፈቃድ እየጠበቀ እንደሆነ ያሳያችኋል። የራሳችሁ ወይም የምታምኑት ዶክ ከሆነ ፍቀዱለት። የማታውቁት ከሆነ አትፍቀዱ፤ ያ ጥበቃ የተሠራው በምክንያት ነው።

ቺፑ ታይቶ ኢንተርፌስ ከሌለ ያኔ ወደ ድራይቨሩ ሂዱ። የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) በዛፍ መልክ እንዲያሳያችሁ ስታዙት ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የያዘውን ድራይቨር ይጽፋል። ለሪልቴክ 8153 የሚጠበቀው አር8152 ነው፣ ከርነሉም ውስጥ አለ። ለ2.5 ጊጋቢቱ 8156 ይኸው ድራይቨር ድጋፍ ያገኘው በ5.13 ከርነል ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ከርነሉን አዘምኑ። ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደውን ድራይቨር የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት፤ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ኮድ የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶ ካልተፈረመም አይጫንም።

ኢንተርፌሱ ኖሮ ግንኙነት የለም ካለ የሚጠረጠሩት የኔትወርክ ኬብሉና ስዊቹ (ኬብሉ በሌላ ጫፉ የሚሰካበት ሳጥን) ናቸው፣ ቀይራችሁ ሞክሩ። የግንኙነቱን ፍጥነት የሚናገረው ኢዝቱል (ethtool) 1000 ሳይሆን 100 ሜጋቢት ካሳያችሁም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ይሠራል። አንድ ሽቦ ሲቆረጥ መስመሩ ዝቅ ብሎ ሊቀጥል ይችላል።

ግንኙነቱ ኖሮ አድራሻ ካልመጣ ደግሞ ስሙን ተመልከቱ። በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች የዩኤስቢ ኔትወርክ ካርድ ስም የሚወጣለት ከማክ አድራሻው፣ ማለትም ከካርዱ መለያ ቁጥር ነው። ሌላ ዶክ ስትሰኩ ስሙ ይቀየራል፤ በድሮው ስም የታሰረ ቅንብርም አይሠራም። የተመዘገበ ማክ ብቻ የሚያስገባ ኔትወርክ ላይም አዲሱ ዶክ በር ላይ ይቀራል።

በጣም የሚያደክመው «ይሠራል፣ ግን» የሚለው ነው። ቀርፋፋ ከሆነ ያንኑ የዩኤስቢ ዛፍ ተመልከቱ። ከቺፑ አጠገብ 5000 ሳይሆን 480 ካያችሁ ዕቃው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት እየሄደ ነው፤ ጊጋቢት በዚያ አያልፍም። ደካማ ኬብል ይህን ያመጣል። ትልቅ ስክሪንም ያመጣዋል፤ በአንዳንድ ዶኮች ምስሉ አራቱንም ፈጣን መስመሮች ሲወስድ ለዩኤስቢ የሚቀረው ቀርፋፋው ብቻ ነው። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ከምስሉ ጥራትና ከኔትወርኩ ፍጥነት አንዱን መምረጥ ወይም ዶኩን መቀየር ነው።

ለትንሽ ጊዜ ሥራ ፈቶ ሲቆይ የሚቋረጥ ከሆነ ኃይል ቆጣቢውን ጠርጥሩ። ለዚያ ዕቃ ብቻ ራስ ሰር ማስተኛቱን አጥፉና ጠብቁ። በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ቅንብሮቹን እንደ ፋይል በሚያሳይበት ቦታ) በኩል ካደረጋችሁት ላፕቶፑ ዳግም ሲነሳ ስለሚመለስ ለሙከራ ጥሩ ነው። መቋረጡ ከቆመ በኋላ ቋሚ ደንብ ጻፉለት። በዚህ መሀል ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር)፣ ኬብልና ከርነል አብራችሁ አትቀይሩ። ካልሆነ የዳነው በምን እንደሆነ አታውቁም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተፈታ ለከርነል ሰዎች ጻፉላቸው። «ዶኬ አይሠራም» ብላችሁ አትላኩ። የቺፑን የአምራችና የምርት መለያ ቁጥር፣ የከርነሉን ስሪት፣ የዩኤስቢውን ዛፍ፣ ዶኩ ከተሰካበት ቅጽበት ጀምሮ ያለውን ሎግ ላኩ። በቀድሞው ከርነል ይሠራ ከነበረ መጀመሪያው መስመር ላይ እሱን ጻፉ፤ የነበረን ነገር ያበላሸ ለውጥ እነሱ ዘንድ ከባድ ጉዳይ ነው።