በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ላይ የቀረ የብሎን ቀዳዳ እንዴት ይደፈናል?

ጠያቂ እህታችን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የተከራዩትን ቤት ሊለቁ መሆኑን፣ መስታወቱንና የፎጣ መስቀያውን ሲነቅሉ በመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ላይ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ ቱቦ) የገባባቸው ስድስት ቀዳዳዎች መቅረታቸውን፣ ጎረቤትዎ «በጀሶ ይደፈን» ሲሉ አከራይዎ ግን ሴራሚኩ ይቀየር ማለታቸውን ጽፈዋል። እኔ ኮምቦልቻ የማከራያቸው ክፍሎች ስላሉኝ ተከራይ በወጣ ቁጥር የሚገጥመኝ ሥራ ይኸው ነው።

ጀሶውን ይተዉት። ጀሶ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ውሎ አድሮም ይረግፋል። የቀዳዳ ዋናው ጉዳት መልክ ማበላሸቱ ሳይሆን ውሃ ማስገባቱ ነው፤ የሴራሚክ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ልባስ ስላለው ውሃ አያሳልፍም፣ ከልባሱ ኋላ ያለው አካልና ልስኑ ግን ውሃ ይመጥጣሉ፣ ስለዚህ በቀዳዳው የሚሰርገው ውሃ ቀስ በቀስ ሴራሚኩን ከግድግዳው ሊያላቅቅ ወይም በወዲያኛው ክፍል ቀለሙን ሊያስልጥ ይችላል።

ፊሸሩን ለማውጣት ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ መልሰው ያስገቡና ራሱን በፒንሳ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ወደ ጎን ከወዘወዙት የቀዳዳው ጠርዝ ይሸረፋል፣ የተሸረፈ ጠርዝ ደግሞ ከቀዳዳው ይልቅ ዓይን ይስባል። እምቢ ካለ ከንፈሩን በምላጭ ቆርጠው ቀሪውን በምስማር ወደ ውስጥ ይግፉት፤ እዚያው ቢቀር ጉዳት የለውም። ከዚያ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያውጡና ቀዳዳው በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። እኛ ዘንድ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናትና፣ በተለይ በክረምት፣ ቀናት ቢወስድ አይገረሙ። እርጥብ ቀዳዳ ላይ የተሞላ ነገር በደንብ ላይይዝ ይችላል።

መሙያውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ሁለት ዕቃ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ነጭ ኤፖክሲ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲደርቅም እምብዛም አይኮማተርም። ነጭ ሲሚንቶ ርካሽ ነው፣ ውሃ በማይረጭበት በመስታወቱ በኩል ይበቃል፤ ነገር ግን በጣም ወፍራም ተደርጎ ካልተቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲሊኮን ውሃ በማገድ ማንም አይስተካከለውም፣ ግን ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ከላዩም ቀለም አይቀበልም፤ አከራይ ሆኜ ስመለከተው አልወደውም።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ መሰርሰሪያው የብሎኬቱን ባዶ ሆድ በስቶ ሊሆን ስለሚችል የሚሞሉት ሁሉ ወደ ውስጥ እየወደቀ ያታክትዎታል። ትንሽ ስፖንጅ ጠቅልለው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ይወትፉና ከዚያ ወዲህ ያለውን ይሙሉ። በቀዳዳው ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ ኤፖክሲውን ጥቂት አትርፈው ይጠቅጥቁ፣ ጠጠር ማለት ሲጀምር ትርፉን በምላጭ አጋድመው ይቁረጡት። ብርጭቆ ወረቀት ግን አይጠቀሙ፤ የሴራሚኩን ማብረቅረቅ ይገድላል። ሴራሚኩ ነጭ ካልሆነ የቀለም ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ ከኤፖክሲው ጋር ያዋህዱና መጀመሪያ በወረቀት ላይ አድርቀው ያመሳስሉ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ጊዜ ለሞቃት ክፍል የታሰበ ስለሆነ እርስዎ ዘንድ በእጥፍ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ገላ አይታጠቡበት።

አከራይዎ ሴራሚኩ ይቀየር ያሉት ቁጣቸው ይሆናል እንጂ ብዙ ጊዜ አያዋጣቸውም፤ አንዱን ለማንሳት ሲመታ ከጎኑ ያለው ሴራሚክ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ማግኘትም ከባድ ነው። መቀየር የሚያስፈልገው ከቀዳዳው የተነሣ ስንጥቅ ካለ ወይም ሴራሚኩ በጣት ሲመታ ውስጡ ባዶ የሆነ ዓይነት ድምፅ ካሰማ ነው። አንዱን ቀዳዳ ሞልተው ያሳዩአቸው። ከዚያም በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ የፎጣ መስቀያው በነበረበት ቦታ ተመልሶ ቢተውላቸው ይቀበሉ እንደሆነ። አዲስ የሚገባ ተከራይ መስቀያ መፈለጉ ስለማይቀር፣ እኔ ብሆን በደስታ እቀበል ነበር፤ እርስዎም የሚደፍኑት የመስታወቱን ቀዳዳዎች ብቻ ይሆናል።