ከስክሪኑ በፊት መስመሩን፦ የአዳማ አንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቴሌቪዥን ግዢ ቢሆኑም፣ ብልሽቱ ያለው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ወደ እሱ በሚመጣው መስመር ላይ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጥያቄ፦ ዋናው ፍላጎቴ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ነው። አዲስ ስማርት ቴሌቪዥን ልግዛ ወይስ ባለኝ ላይ አንድሮይድ ቦክስ ልጨምር?

መልስ፦ ያለዎት ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለውና ምስሉ ጥሩ ከሆነ ቦክሱ፣ ማለትም ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ፣ ወጪ ይቀንስልዎታል። ነገር ግን ኔትፍሊክስ ፈቃድ ባልሰጣቸው ቦክሶች ላይ ፊልሞቹን በከፍተኛ ጥራት ስለማያሳይ፣ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (ከሙሉ ኤችዲ የበለጠ ጥርት ያለ ምስል) ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ እንኳ ደብዛዛ ምስል ሊያወጣ ይችላል። ሪሞቱ ላይ የኔትፍሊክስ ቁልፍ መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሪሞት ማስመሰል ቀላል ነውና። ለሙሉ ኤችዲ ምስል ኔትፍሊክስ የሚመክረው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት ነው። በ5 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ማየት ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ፣ በሞባይል ዳታ ከሚሞክሩት ገደብ የሌለው የቤት ኢንተርኔት ቢያስገቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሪሲቨሬ ፍላሽ ላይ ስቀዳ አንዳንዴ ፊልሙ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያላዘዝኩት ፕሮግራም ተቀድቶ አገኛለሁ።

መልስ፦ የሁለቱ ችግሮች ምንጭ ይለያያል። ፋት 32 (FAT32) በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፤ አንዳንድ ሪሲቨሮች ቅጂውን ከፋፍለው ሲያስቀምጡ ሌሎቹ ግን እዚያው ያቆማሉ። ሪሲቨርዎ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የተባለውን ሌላ አቀማመጥ የሚቀበል ከሆነ ፍላሹን በዚያ ፎርማት ያድርጉት፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡት። ያላዘዙት ፕሮግራም የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አሞላል ምክንያት ነው። ሪሲቨሩ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት በመሆኑ የምሽት 2 ሰዓቱን ዜና ለመቅዳት 20፡00 ብለው መሙላት አለብዎት፤ 02፡00 ብለው ከሞሉ ቤተሰቡ ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መቅዳት ይጀምራል። የሰዓት ቀጠናውም +3 (GMT+3) ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ድራማ ሲቀዱ ፕሮግራሞች ስለሚዘገዩ ከመጨረሻው ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ነፋስ ሲነሣ ቻናሎቹ በሙሉ ይቆራረጣሉ። ሪሲቨሩን ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። 51 እና 153 ሜጋዋት አቅም ያላቸውን ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ወደ አካባቢያችን ያመጣው ነፋስ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በላላ ብሎን የቆመን ዲሽ ቢያነቃንቅ አይገርምም። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚተላለፉበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ዲሹ ከአቅጣጫው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢዞር ሲግናሉ ይጠፋል። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ የዲሹን ጠርዝ በእጁ በቀስታ ገፋ ሲያደርግ እርስዎ በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ የሲግናል ጥራቱን ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ግፊት ከወረደ፣ ብሎኖቹን ማጥበቅ ወይም ዲሹን ከጣሪያው አንሥቶ በግድግዳ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። የማይወርድ ከሆነ ገመዱ ከኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ካለው ሲግናል ተቀባይ) ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ዝጎ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ ስታቢላይዘር ካለኝ ዩፒኤስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ወደ 220 ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያገለግልም። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው፤ ከገዙ ሪሲቨሩንና ራውተሩን ያገናኙበት፤ ብዙ ኃይል ስለማይወስዱ፣ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም የጀመሩት ቅጂ አይቋረጥም።