ከሐውልቱ በፊት ደብተሩ

ልጆቼ፣

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደች፤ ለወግ ማዕረግ በቅታ ተዳረች፤ ይህን ያህል ልጆች ወለደች፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባት፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበረች። ሟቿ ነጋዴ ከሆነች «በግል ሥራ ትተዳደር ነበር» የምትል ሐረግ ትጨመራለች። በውርስ ጉዳይ ጠበቃ ሆኜ ሳረጅ ይህች ሐረግ ሁልጊዜ ትከነክነኝ ነበር። ቤቱን ያቆመው፣ ልጆቹን ያስተማረው፣ ምጽዋቱም የወጣበት ሥራ እንዴት በአንድ ትንፋሽ ይታለፋል?

ደንበኛዬ የነበረች አንዲት የሸማ ተራ ነጋዴ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቿ በሕይወት አሉ፣ እሷም ስሟ ሲነሳ የምትወድ ሰው አልነበረችም። የምትሸጠው ድርና ማግ ነው። ማለዳ መርካቶ ራጉኤል ኪዳን አድርሳ ሱቋን ትከፍታለች። ሸማኔው ነጠላና ጋቢ የሚሸጥለት ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ስለሆነ ክረምቱን ክር መግዣ አይኖረውም። እሷ በዱቤ ትሰጠዋለች፤ በዓሉ ሲያልፍ ትሰበስባለች። ይህን ያየ ሰው ደግ ናት ይላል። ደግ ነበረች፤ ግን ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚጠጣበት፣ የማን ሚስት እንደታመመች ለይቶ ማወቅ ከደግነት ሌላ ሙያ ነው። ባንክ ይህንኑ ሲሠራ የብድር ክፍል አቋቁሞ፣ ቤት በመያዣነት ጠይቆ ነው።

ዘመኑንም አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነው ይል ነበር። ሚስት ሠርታ ያገኘችውን ገቢ ራሷ ብትቀበልም ሌላውን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ባልና ሚስት እኩል እንዲያስተዳድሩ የደነገገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ደርግ መጥቶ የግል ነጋዴውን ካፒታል ገደበ፤ የችርቻሮው ጣሪያ 200,000 ብር ነበር። እንግዲህ ያቺ ሴት በዚህ ሁሉ ውስጥ ነው ሱቅ ያቆየችው። ፊደል የቆጠረችውም ትልቅ ሰው ሆና፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ በፊት ዱቤውን ሁሉ የምትይዘው በቃሏ ነበር።

ለልጆቿ የነበራትን ፍቅር ስትገልጽ ሰምቼ አላውቅም። የዕቁቡ ዕጣ በመስከረም እንዲሰጣት ግን ዳኛውን በየዓመቱ ታስለምን ነበር፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ነዋ! ማታ ማታ የደብተሩን ሂሳብ የሚደምሩት ልጆቹ ናቸው። ዛሬ ከመካከላቸው አንዷ የሂሳብ መርማሪ ናት።

እናታቸው ስታርፍ ወደ ቢሮዬ መጡ። መጀመሪያ ያነሱት የሐውልቱን እምነ በረድና የአርባውን ተዝካር ነው። ተዝካርን አልነቅፍም፤ እኔም የወላጆቼን አውጥቻለሁ። ግን ደብተሯ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። በአንደኛው ወገን ያበደረቻቸው፣ በሌላው የተበደረቻቸው ሰዎች ስም ሰፍሯል። ከአበዳሪዎቿ ትልቁ በአንዋር መስጊድ በኩል ሱቅ ያላቸው፣ ክር በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ውል የለም፣ ምስክር የለም። ሰውየው ለቅሶ ደርሰው፣ ልጆቹን አጽናንተው፣ ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ ሳይሉ ሄደዋል። ትልቋ ልጅ ደብተሩን ይዛ ሱቃቸው ሄደች። ሽማግሌውም የራሳቸውን ደብተር አወጡ፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆኑ። ተከፈለ። ሐውልቱ ለሙት ዓመቱ ተላለፈ።

ሕጉ የሚያዘውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ከውርሱ ላይ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ወራሽ የሚካፈለው የተረፈውን ነው። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ድንኳኑና ድግሱ ይቀድማል፣ ክፍፍሉ ይከተላል፣ አበዳሪው በሽማግሌ ይለመናል። እንዲህ ያደረጉ ልጆች እናታቸውን አዋርደዋታል ብዬ ነው የማምነው፤ ነጋዴን በቃሏ አለመገኘት የሚያህል ውርደት የለባትምና።

ሃይማኖቷን ያየሁትም በዚያው ደብተር ነው። የአሥራቱ ገጽ ለብቻው ነበር። ከአንዳንድ ሸማኔዎች ስም ጎን ደግሞ ትንሽ መስቀል ተሠርቶበታል። ልጆቿ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ እነዚህ አይጠየቁም ማለት ነው። ታናሹ ልጅ «ይህ ምልክት ፍርድ ቤት ያዋጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ጠበቃ ብዙም እንደማያዋጣ ነገርኩት። እህቱ ገጹን ዘግታ «በቃ፣ እማዬ ጨርሳዋለች» አለች።

ይኸው ታናሽ ወንድም ሱቁ ለወንድ ልጅ ነው የሚገባው ብሎም ነበር። አይደለም። ከ1952ቱ ሕግ ጀምሮ ወንድም ሴትም ልጅ እኩል ይወርሳል። አባት ካለ ደግሞ የጋራ ንብረቱን ግማሽ የሚወስደው የራሱ ድርሻ ስለሆነ እንጂ ወራሽ ስለሆነ አይደለም፤ ሕጉ ባልን ወይም ሚስትን በቀጥታ ወራሽ አያደርግም።

እናታችሁ በሕይወት ካለች አንድ ቅዳሜ ሱቋ ሄዳችሁ ዋሉ። ከማን እንደምትገዛ፣ ለማን በቃል እንደምታበድር፣ ማንን እንደምትምር ጠይቁና ጻፉ። ለሕይወት ታሪኳም የሚሆነው እሱ ነው።

ኑዛዜ ካላትም ዛሬውኑ ተመልከቱት። ብዙ እናቶች በእጃቸው ጽፈው መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ አጥፈው ያስቀምጡታል። በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በእጇ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። አልጋ ላይ ሆና በቃል የተናገረችውን ተስፋ አድርጋችሁ ደግሞ ሱቅ አትካፈሉ፤ በቃል ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ የሆነ ነገር አይተላለፍም። በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ ከሆነ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ እሷም ምስክሮቹም እዚያው ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።