ለሁሉም ቦታ ይሆናል የተባለው ዥጉርጉር ልብስ፤ ለጀማሪ የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፤

በጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስናና በንድፍ ተመርቃችሁ ወደ ማቅለሚያና ወደ ማተሚያ ክፍል ለምትገቡ ወጣቶች፣ በዚሁ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የአንድን ልብስ ታሪክ ጠንቅቃችሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ልብሱ የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ይፋ አድርጎ ከ2005 ጀምሮ ለወታደሮቹ ያደለው፣ ለባሹን ከአካባቢው ጋር አመሳስሎ እንዲሰውር የታሰበ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠራ ግራጫማ ዥጉርጉር የደንብ ልብስ ነው። ንድፍ አውጪ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ለባሹ መሆኑን እንደዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

ጦሩ ከዚያ በፊት ለጫካ አንድ፣ ለበረሃ ሌላ ልብስ ነበረው። ሁለቱን በአንድ መተካት ለግምጃ ቤትም ለበጀትም የሚመች ሐሳብ ስለሆነ፣ ለጫካም ለበረሃም ለከተማም ይሆናል የተባለ አንድ ንድፍ ተወሰነ። ቀለሞቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ የአሸዋ ቀለም፣ ግራጫና ፈዛዛ አረንጓዴ። ጥቁር በተፈጥሮ ውስጥ እምብዛም አይገኝም ተብሎ ቀረ፤ ቡናማም አልገባበትም። እኔ ግን በዛፍ ሥርና በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጥላ በምን ሊተኩት እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የአራት ማዕዘኖቹ ሐሳብ ራሱ የተናቀ አልነበረም። በአሜሪካ ጦር አካዳሚ በዌስት ፖይንት ያስተምር የነበረው መኮንን ቲሞቲ ኦኒል በ1970ዎቹ አንድ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በሁለት ኢንች ሩሎ በካሬ በካሬ እየቀባ ሞክሮታል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር አንድ ንድፍ ሁለት መጠን ይኑረው የሚል ነው፤ ትልልቁ ጉራማይሌ ከሩቅ ሲታይ የሰውን ወይም የተሽከርካሪውን ቅርጽ ይሰብራል፣ ትንንሹ ደግሞ ከቅርብ ሲታይ ከቅጠልና ከጠጠር ጋር ይዋሐዳል። ካናዳ በዚህ መንገድ የራሷን ንድፍ ሠርታ በ1990ዎቹ መጨረሻ አጸደቀች፤ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦርም እርሷን ተከትሎ በ2002 የራሱን ይዞ ወጣ። የሁለቱም የጫካ ንድፍ ጥቁር ቀለም ነበረው፤ በጥቁሩና በነጣው ቀለም መካከል ያለውም ልዩነት ጎልቶ ይታይ ነበር።

የምድር ጦሩ ንድፍ ካሬዎቹን ወሰደ፣ ልዩነቱን ግን ተወ። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ሦስት ፈዛዛ ቀለሞች በደቃቅ ካሬ የታተሙበትን ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ካሬዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ፤ ንድፉም ያማረና ሥራ የበዛበት ይመስላል። ጨርቁን አጥር ላይ ሰቅላችሁ ወደ ኋላ ስትርቁ መጀመሪያ የካሬዎቹ ጠርዝ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ፤ በመጨረሻም ከአካባቢው የነጣ አንድ ግራጫ ነገር ይቀራል። ቀለሞቹ በድምቀት ስለሚቀራረቡ ዓይን ከሩቅ ሊለያቸው አይችልም። የለበሰው ሰው ትከሻና ክንድ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በማሳቹሴትስ የሚገኘው የናቲክ የወታደር ልብስ ምርምር ማዕከል ከ2002 እስከ 2004 ልዩ ልዩ ንድፎችን በመስክ ፈትኖ ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው ንድፍ ግን በዚያ ፈተና ከተሞከሩት አንዱ አልነበረም። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፤ ባለሙያ ነበረ፣ መሣሪያ ነበረ፣ ጊዜም ነበረ። ያው ማዕከል በ2009 ባወጣው ጥናት ሌሎች ንድፎች በጫካም በበረሃም በከተማም በልጠውት ተገኙ። በአፍጋኒስታን ቡናማ ተራሮችና አረንጓዴ ሸለቆዎች የሚዋጉ ወታደሮች ሮሮም እስከ ምክር ቤት ደርሶ፣ በ2009 እንደራሴው ጆን ሙርታ ጉዳዩን አነሡት። ሁለት የሻለቃ ጦሮች አማራጭ ንድፎችን ለብሰው እዚያው ከሞከሩ በኋላ፣ ብሩክሊን የሚገኘው ክራይ ፕሪሲዥን የተባለ ኩባንያ የሠራው መልቲካም የሚባል ንድፍ በ2010 ለአፍጋኒስታን ዘማቾች ታደለ። በ2012 የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ጦሩ የቀድሞውን ንድፍ ያለ በቂ የፈተና ማስረጃ እንዳሠራጨው ገለጸ፤ ልብሱንና አብሮት የሚሄደውን ትጥቅ ለመተካትም በአምስት ዓመት እስከ 4 ቢሊዮን ዶላር ሊፈጅ እንደሚችል ጠቀሰ። ከመልቲካም ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነው አዲሱ ንድፍ በ2015 ለሽያጭ ቀርቦ አሮጌው በ2019 ጨርሶ ወጣ።

ስለዚህ አለቃችሁ የሚያምር ናሙና ይዞ «ይህን እናትም» ሲላችሁ፣ ከየትኛው ርቀት፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚታይ በአክብሮት ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ የፈተናው ውጤትና ውሳኔው ሲለያዩም ልዩነቱን በግልጽ አስመዝግቡ። ሥራችሁ የሆስፒታል ልብስም ይሁን የትራፊክ ፖሊስ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ጥያቄው ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ተማሪ ሳለሁ ማንም ያልነገረኝ ነው። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ያንጸባርቃል፤ በጨለማ በሚያሳየው የሌሊት መነጽርም ደምቆ ይታያል። በመሆኑም የወታደር ልብስ የሚታተምበት ቀለም የሚመረጠው ለቀን ብርሃን ብቻ ታስቦ አይደለም፤ ጥጥና ናይሎን በተቀላቀለበት ጨርቅ ላይ የሚገባው እያንዳንዱ ቀለም የሚያንጸባርቀው የኢንፍራሬድ መጠን ተለክቶ መስፈርቱን ማለፍ አለበት። ይህ ሁሉ ልፋት ግን በእጥበት ሊበላሽ ይችላል። ነጭ ልብስ እንዲያበራ በዱቄት ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ማድመቂያ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ወታደሩን በሌሊት መነጽር ያጋልጠዋል፤ የአሜሪካ ጦርም ማድመቂያ ያለበትን ሳሙናና ልብስ የሚያደርቀውን ስታርች ለደንብ ልብሱ ይከለክላል። ናሙናችሁን ስትለኩ እንግዲህ አዲሱን ብቻ አትለኩ፤ ለባሹ በሚያጥብበት ሳሙና ደጋግማችሁ አጥባችሁ እንደገና ለኩት፤ የእጥበት መመሪያውንም ወታደሩ በሚያነበው ቋንቋ በአንገትጌው ውስጥ አሰፉት።