የማወፈሪያ ኪኒን ውስጥ ያለው በላብራቶሪ ይታወቃል?

እህትሽ ቅዳሜ ገበያ በፌስታል የተቋጠረ ስም የሌለው የማወፈሪያ ኪኒን ገዝታ ለወራት ወሰደች፤ አሁን ፊቷ አብጧል። «በላብራቶሪ ምንነቱ ይታወቃል? ዛሬውኑ ብታቆመውስ?» ብለሻል።

የማቆሙን ላስቀድም። እባክሽ ሐኪም ሳያያት በድንገት እንዳታቆም። እዚሁ ጎንደር ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ እንዲህ ዓይነት ኪኒን ይዘው የሚመጡ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ። በማወፈሪያ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሳይፕሮሄፕታዲን ጋር። ሳይፕሮሄፕታዲን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ ስቴሮይድ ነው፤ ስቡን ፊትና ሆድ ላይ ያከማቻል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል። ጎረቤት «ተመችቷታል» ይላል። ውስጡን ግን ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረቱን ይተዋል። ኪኒኑ በአንዴ ሲቀር ሰውነቷ ከኪኒኑም ከዕጢውም ያጣል።

ወደ ላብራቶሪው ስንመጣ፣ አዎ ይታወቃል። ዋናው ማስረጃ ግን ኪኒኑ ነው፤ ዴክሳሜታዞን ከደም ቶሎ ይጠፋል። ሽንት ውስጥ በሚነከረው የመመርመሪያ ስትሪፕም አትተማመኑ። ስትሪፕ የሚያየው የተሠራበትን ነገር ብቻ ነው፤ ሞርፊንን የሚለየው የተለመደው ስትሪፕ ትራማዶልን እንኳ አያሳይም። ኪኒኑ ግን ተፈጭቶና ተሟሙቶ ስስ ሽፋን ባለው ሰሌዳ ላይ ከታወቀ መድኃኒት ጎን ይነጠባል፤ ፈሳሽ ነጥቦቹን ወደ ላይ ይዞ ይወጣል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታዩ ነጥቦቹ እኩል ከፍታ ላይ ከደረሱ ጥሩ ጠቋሚ ነው። መጠኑ ኤችፒኤልሲ በሚባል፣ የተደባለቀን ነገር ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ ይለካል፤ ጭራሽ ያልታወቀ ነገር ሲሆን ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሐኪሙን የጠዋት ኮርቲሶል እንዲያዝላት ጠይቁት። ፊቷ ኮርቲሶል የበዛበት ሰው መስሎ ውጤቱ በጣም ዝቅ ካለ፣ ከውጭ የገባ ስቴሮይድ አለ ማለት ይቻላል። የተለመደው ምርመራ ዴክሳሜታዞንን እንደ ኮርቲሶል አይቆጥረውም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ፍንጭ ይሄ ነው።

ስለዚህ የቀረውን ኪኒን እንዳትጥሉት። ከነፌስታሉ አስቀምጡት፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር አይደባለቅ፣ ከማንና መቼ እንደተገዛ ጻፉበት። መልኩ የሚለያይ ካለ ለየብቻ ይሁን፤ አንዱ ፍሬ ስለሌላው አይመሰክርም። ጥቂት ፍሬ ለሐኪሙ አሳዩ፤ የቀረውን ለከተማው ጤና መምሪያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ስጡ። እሷን ግን አትቆጧት፤ ከተቆጣችኋት የወሰደችውን መጠን ትደብቃለች።

ቀጠሮው ሳይደርስ ካስመለሳት፣ አቅም ካጣች ወይም ራሷን ከሳተች በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እዚያም መጀመሪያ የምትናገሩት «ስቴሮይድ ሳይሆን አይቀርም ለወራት ስትወስድ ነበር» የሚለውን ይሁን።