የሎድ ሴል አቅም ስለ መምረጥ፦ የሚዛን ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ዱቄት ፋብሪካዎች፣ መኖ ማቀነባበሪያዎችና መጋዘኖች የሚዛን ተከላና ጥገና ለመጀመር ለተዘጋጃችሁ ልጆቼ የምጽፈው፣ በግዢ መጠየቂያ ላይ በአንድ መስመር ስለሚታለፍ ጉዳይ፣ ስለ ሎድ ሴል አቅም ነው፤ ሎድ ሴል የተጫነበትን ክብደት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ የሚዛን ክፍል ነው። «ሎድ ሴል፣ 5 ቶን፣ አራት ፍሬ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለምን 5 ቶን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ሲጠየቅም መልሱ «ትልቅ ይሻላል፣ አይሰበርም» የሚል ነው። እርግጥ አይሰበርም፤ በትክክል መመዘኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ የስንዴ ሆፐር፣ ማለትም እህሉን ከላይ ተቀብሎ ከሥር የሚለቅ የብረት ማጠራቀሚያ፣ እንውሰድ። በአንድ ጊዜ 30 ኩንታል፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ይይዛል፤ ብረቱ፣ በሩና የተገጠመበት ሞተር በድምሩ 1,200 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የሚቆመውም በየሥራቸው አንድ አንድ ሎድ ሴል ባላቸው አራት እግሮች ነው እንበል። ጀማሪ ባለሙያ 3,000ውን ለአራት አካፍሎ 1 ቶን ይበቃል ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የብረቱ ክብደት ሆፐሩ ባዶ ሲሆንም ከሎድ ሴሎቹ ላይ ስለማይወርድ፣ የሚካፈለው 4,200 ኪሎ ነው፤ የአንዱ እግር ድርሻም 1,050 ኪሎ ስለሚሆን 1 ቶኑ ገና ከጅምሩ ታልፏል። በዚህ ላይ ስንዴው ከከፍታ ሲወርድ የሚፈጥረው ምትና ወደ አንድ ጎን መከመሩ ይታከላሉ። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የእግሩን ድርሻ በአንድ ተኩል አባዛለሁ፤ 1,575 ኪሎ ይመጣል፤ በገበያ ከሚገኙት የተለመዱ መጠኖች ከዚያ በላይ የሚውለው 2 ቶን ነው።

ስለ እግሮቹ አንድ ነገር ልጨምር። ባለሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወላገድም፤ በአራት እግር የቆመ ግትር ብረት ግን አንዱ እግር ትንሽ ከፍ ካለ ጭነቱ በሁለት ሰያፍ እግሮች ላይ ያርፋል። በምሳሌያችን ይህ ለእያንዳንዳቸው እስከ 2,100 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ባዶውን ሆፐር እንደተከላችሁ የእያንዳንዱን ሎድ ሴል ንባብ ለየብቻው ውሰዱ፤ ቀላል በሆነው እግር ሥር ስስ ላሜራ እያስገባችሁ አቀራርቡ። ይህን ሥራ ትልቅ ሎድ ሴል በመግዛት ልትተኩት አትችሉም።

ወደ 5 ቶኑ ልመለስ። ብዙዎቹ ሎድ ሴሎች በሙሉ አቅማቸው ሲጫኑ ለእያንዳንዱ የመጋቢ ቮልት 2 ሚሊ ቮልት ይሰጣሉ፤ ኢንዲኬተሩ (ምልክቱን ተቀብሎ ክብደቱን በቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ) 10 ቮልት ከመገበ 20 ሚሊ ቮልት ይሆናል። አራት ባለ 5 ቶን ሎድ ሴሎች በአንድነት የ20 ቶን አቅም ስላላቸው፣ 3 ቶኑ ስንዴ የሚያመነጨው 3 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ማለት አንድ ማይክሮ ቮልት (የሚሊ ቮልት አንድ ሺህኛ) ይሆናል። መጋቢው 5 ቮልት የሆነ ኢንዲኬተር ከተገጠመ ደግሞ ይህም በግማሽ ይቀንሳል። በባለ 2 ቶኖቹ ግን በ10 ቮልት ለአንድ ኪሎ 2.5 ማይክሮ ቮልት ይገኛል። የሞተር ኬብል በአጠገቡ ባለፈበት ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ማይክሮ ቮልት ላይ መተማመን ከባድ ነው፤ ቁጥሩ ሲዋልል የሚወቀሰውም አብዛኛውን ጊዜ ኢንዲኬተሩ ነው። የስህተት መጠንም ቢሆን የሚሰላው ከሙሉ አቅሙ እንጂ ከተጫነው ክብደት አይደለም፦ 0.02 በመቶ ለባለ 2 ቶኑ 400 ግራም፣ ለባለ 5 ቶኑ አንድ ኪሎ ነው።

በመረጃ ወረቀቱ ላይ 150 በመቶ ድረስ ጉዳት እንደማያደርስ ተጽፎ ስታዩ፣ ያ ለአጋጣሚ የተተወ ክፍተት እንጂ የሥራ አቅም አይደለም። ከዚያ ያለፈ ሎድ ሴል ሳይሰበርም ባዶ ሲሆን የሚያሳየው ዜሮ ሊዛባ ይችላል።

ትልቅነቱ ተገቢ የሚሆንበት ቦታም አለ። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ መኪኖች ከነተሳቢያቸው በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ባለ 30 ቶን ሎድ ሴሎች ስድስት ወይም ስምንት ሆነው ሲገጠሙ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን የኋላ ጎማዎቹ በአንድ የመድረኩ መገጣጠሚያ ላይ ሲያልፉ አብዛኛውን ጫና የሚሸከሙት እዚያ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ ሾፌሩም በመድረኩ ላይ ፍሬን ይይዛል።

የአዳማን ነፋስ ከተርባይኖቹ ታውቁታላችሁ። 1,600 ኪሎ የሚመዝን ባዶ ሳይሎ (ረጅም የእህል ጎተራ)፣ አራት እግሮቹ በ2 ሜትር ተራርቀው ደጅ ቆሟል እንበል። ከሎድ ሴሎቹ 4 ሜትር ከፍ ብሎ የ500 ኪሎ ያህል ግፊት ቢያርፍበት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ካሉት ሁለት እግሮች እያንዳንዱ የ500 ኪሎ ጫና ይቀነስበታል፤ በማዶ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እንዲሁ ይጨመርባቸዋል። የአንዱ ድርሻ 400 ኪሎ ስለነበረ የፊተኞቹ ወደ ላይ ይነሣሉ። ስለዚህ የነፋሱ ጫና በስሌቱ ይግባ፤ መነሣትን የሚከለክል ማቀፊያም ይታዘዝ።

ብየዳ ሳያልቅ ሎድ ሴል አትግጠሙ፤ በቦታው ቁመቱ እኩል የሆነ ብረት አስቀምጡ። ከአራቱ አንዱ ሲበላሽም በእጃችሁ የተገኘውን ሌላ አቅም ያለው አትተኩበት፤ የሚሰጠው ምልክት ከሦስቱ ስለሚለይ፣ ያው ጆንያ በአንዱ ጥግ ሲቀመጥና በሌላው ሲቀመጥ የተለያየ ክብደት ይነበባል።