የኮሚክ ገጽ ለመክፈት ላሰቡት ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ባጭሩ «ለብዙ ዓመታት ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ አሁን በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፍቼ የምወደውን ለማካፈል አስቤያለሁ፤ ነገር ግን ስለ ኮሚክ የሚጽፈው ሰው ብዛቱ ያስፈራኛል፤ እኔ ምን እጨምራለሁ? ስካነርስ ልግዛ ወይ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ከያዝኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በከንቱ ስላሳለፍኳቸው ከእነርሱ ልጀምር።

በዚያን ጊዜ የምለጥፈው ዜና ብቻ ነበር። የፊልም ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ተዋናይ ሲመረጥ፣ አዲስ እትም ሲታወጅ፣ ከሌላ ገጽ ገልብጬ የራሴን አርማ እለጥፍበት ነበር። ላይክ አላጣሁም፤ ቆም ብሎ ሁለት መስመር የሚጽፍልኝ ሰው ግን አልነበረም። ዜናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ዘንድ ስለሚደርስ፣ አንባቢው እኔ ዘንድ የሚቆይበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ ምሽት ዜና ማሳደዱ ሰልችቶኝ በእጄ ከነበረው መጽሐፍ ሁለት ገጽ ፎቶ አነሣሁና የገረመኝን ነገር ጻፍኩ።

የጻፍኩት ስለ ገጽ መግለጥ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ኮሚክ፣ መጽሐፉ ተዘርግቶ ሳለ በቀኝ በኩል ያለው ገጽ የመጨረሻ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ጥያቄ ጥሎ ያልፋል፦ በር ይከፈታል፣ ሰውየው ዞር ይላል፣ ዓይኑ ይፈጣል፤ ምን እንዳየ ግን እኛ አናይም። ለማየት ገጹን መግለጥ አለብን። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ሳይሆን ደራሲውና ሠዓሊው የአንባቢውን ጣት ሳይቀር አስበው የሚያሰናዱት ነው። ማንጋ የሚባለው የጃፓን ኮሚክ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ይኸው ጥያቄ የሚያርፈው በግራው ገጽ ነው። እኔም ሁለቱን ገጾች በአንድ ፎቶ ጎን ለጎን ብለጥፋቸው ድንጋጤው እንደሚከሽፍ ስለገባኝ፣ ጥያቄውን በመጀመሪያው ፎቶ፣ መልሱን በጣት ተገፍቶ በሚመጣው በሁለተኛው አደረግሁት። ያን ምሽት ሰዎች እነርሱም ገጽ ሲገልጡ የደነገጡበትን ሥዕል ከየመደርደሪያቸው እያወጡ ይልኩልኝ ጀመር። ስለዚህ «ምን እጨምራለሁ?» ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሲያነቡ እጅዎ የቆመበትን አንድ ሥዕል ይምረጡና ለምን እንደቆመ ይጻፉ። ያን ሌላ ሰው ቀድሞ ሊጽፍብዎ አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሠሪዎች ስም ነው፤ በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሥዕል ለገጼ እንዲስማማ ካሬ አድርጌ ቆርጬ «ድንቅ ሥራ!» ከሚል ቃል ጋር ለጠፍኩት። በማግሥቱ አንዲት ሴት ከሥሩ «ስለ አድናቆቱ አመሰግናለሁ፤ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ እርስዎ በቆረጡት በታችኛው ጥግ ነበር» ብላ ጻፈች። ቁጣ የሌለበት አነጋገርዋ ይበልጥ አሳፈረኝ። የኮሚክ ታሪክ ራሱ በእንዲህ ያለ የተቆረጠ ጥግ የተሞላ ነው። ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ሲወጣ ታሪኩን የጻፈው ቢል ፊንገር ነበር፤ ነገር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በፈጣሪነት የሚጠቀሰው ቦብ ኬን ብቻ ሆኖ፣ ፊንገር በ1974 ሞቶ፣ ስሙ በይፋ ከኬን ጎን መጠቀስ የጀመረው በ2015 ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተርም ሱፐርማንን በ130 ዶላር ሸጠው፣ የፈጣሪነት ስማቸው የተመለሰላቸው ከረጅም ሙግት በኋላ በ1975 ነው። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ከደራሲው ቀጥሎ በእርሳስ የነደፈው፣ ንድፉን በጥቁር ቀለም ያጠናከረው፣ ቀለም የቀባውና በንግግር አረፋዎቹ ውስጥ ፊደሉን ያሰፈረው ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ስማቸውን መገልበጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሙሉ እትም ስካን አድርጎ መልቀቅ ግን ከማካፈል አይቆጠርም። ለሚናገሩት ነገር የሚያስፈልጉት አንድ ወይም ሁለት ገጾች ይበቃሉ። አዲስ የወጣ ታሪክ መጨረሻ ሲያነሡም በመጀመሪያው መስመር ያስጠንቅቁ፤ ፎቶው ራሱ ምሥጢሩን እንዳያወጣው ደግሞ ይጠንቀቁ።

ስለ ኃይለኛ አድናቂዎች መናገር አለብኝ፣ መምጣታቸው አይቀርምና። በፊልም በኩል የመጣውን አዲስ አንባቢ «ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረህ ሳታነብ አድናቂ ነኝ አትበል» የሚሉ አሉ፤ ጩኸታቸው ግን የሰዉን ብዛት አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1988 የባትማን አሳታሚ የረዳቱ የሮቢን፣ ማለትም የጄሰን ቶድ፣ ዕጣ በአንባቢዎች ስልክ እንዲወሰን አድርጎ ነበር፤ 5,343 ጥሪ ይሙት አለ፣ 5,271 ይኑር አለ፣ ልጁም በ72 ጥሪ ልዩነት ሞተ። አንዱ ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ መደወል ይችል ስለነበር ጥሪውን ቆጥሮ የሰዉን ቁጥር ማወቅ አይቻልም። አስተያየት መስጫውም እንደዚያው ነው፤ ሃያ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ሰው ሃያ ሰው ይመስላል፣ ዝም ብለው የሚያነቡት ግን ብዙ ናቸው። እኔ አዲስ ገቢን የሚያዋርድ አስተያየት ያለ ክርክር እሰርዛለሁ። «ሳንሱር ነው» ብለውኛል፤ ይበሉ።

ለሚጽፉልዎ ደግሞ ይመልሱ። ይህ የኮሚክ አድናቂዎች ማኅበር የተወለደው በመልስ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አሳታሚዎች የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ሲጀምሩ፣ አንባቢዎቹ በቀጥታ ይጻጻፉ ጀመር። በ1961 ጄሪ ቤይልስ ከሮይ ቶማስ ጋር ሆኖ አልተር ኢጎ የተባለውን የአድናቂዎች መጽሔት በማባዣ ማሽን እያተመ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ያ ቶማስ የሚባለው ደብዳቤ ጸሐፊ በኋላ ማርቭል የተባለው የኮሚክ አሳታሚ ዋና አዘጋጅ ሆኗል።

ስካነሩን አይግዙ። መጽሐፉን አስጨንቀው ሲዘረጉት ማሰሪያው ይሰበራል፤ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ቀን ላይ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ፍላሹን አጥፍተው ያንሡ፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ነጭ ነጸብራቁ እስኪጠፋ መጽሐፉን በትንሹ ያዘንብሉት። ከመለጠፍዎ በፊትም የታችኛውን ጥግ ይመልከቱ፤ ፊርማው እዚያ ሊሆን ይችላል።